ሦስት ጉልቻ ወይስ ዝግ ምድጃ? የደጋውን ቤት ያለ ጭስ ስለ ማሞቅ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ብሂል በአገራችን በእጅጉ የታወቀ ነው። ስለ ወጡ ጣዕም ከሆነ ብሂሉ እውነት ይናገር ይሆናል። ነገር ግን ወጡን የምትሠራውን እናት ዓይንና ሳንባ፣ በጀርባዋ ያዘለችውን ሕፃን ጤና፣ እንዲሁም በየዓመቱ ለማገዶ የሚቆረጠውን ዛፍ ስናስብ የጉልቻው መለወጥ ብዙ ነገር ይለውጣል። በዚህ ጽሑፍ በደጋው የገጠር ቤት ክፍት እሳትና ዝግ ምድጃ ያላቸውን ልዩነት፣ የአንዱ ጥቅም የሌላው ጉድለት የሚሆንበትን ምክንያትና አንድ ቤተሰብ በአቅሙ ሊያደርገው የሚችለውን ማሻሻያ እንመለከታለን።

ክፍት እሳት ለምን ተወደደ?

ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ከምትገኘው ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ መንዝ ለሚዘልቅ መንገደኛ ብርዱ እየበረታ ይሄዳል። የጓሳ አካባቢ ከፍታ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ዝናቡ ካበቃ በኋላ ባሉት ወራት ሰማዩ ጠርቶ ያድርና ንጋት ላይ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ይገኛል። የአገሬው ሰው ለዚህ ብርድ መላ ሲያበጅ ኖሯል። ግድግዳውን በድንጋይ ያቆማል፤ ጣሪያውን በጓሳ ሣር ይከድናል፤ ከበጉ ጠጉር ባና ይሠራል፤ በቤቱም ውስጥ እሳት ያነዳል።

ይህ እሳት ምግብ ማብሰያ ብቻ አይደለም። በምሽት ብርሃን ይሰጣል፤ ቤተሰቡን በዙሪያው ይሰበስባል፤ ቤቱን ያሞቃል፤ ጭሱም የሣር ክዳኑን ያደርቃል፣ ነፍሳትንም ያርቃል። ወጣቶች ተጋብተው ኑሮ ሲጀምሩ «ሦስት ጉልቻ መሠረቱ» የምንለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ስለ አዲስ ምድጃ የሚያስተምር ሰው አስቀድሞ የአሮጌውን ምድጃ አገልግሎት በሚገባ መረዳት ይኖርበታል።

ሙቀቱ ወዴት ይሄዳል?

በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው ማገዶ ሙቀት ወደ ድስቱ ወይም ወደ ምጣዱ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው በጎንና በጎን ይበተናል። ነፋስ እንደ ልቡ ስለሚገባበት ነበልባሉ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ከእንጨቱ የሚወጣው ተቀጣጣይ ጋዝም በሚገባ ሳይነድ ቀዝቅዞ ጭስ ይሆናል። እንግዲህ ጭስ ማለት በሌላ አነጋገር ሳይነድ የባከነ ማገዶ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በእኛ የደጋ ቤት ክፍት እሳት የጭስ ማውጫ ስለሌለው ወደ ድስቱ ያልገባው ሙቀት ለጊዜውም ቢሆን በቤቱ ውስጥ ይቆያል። ሰውን የሚያሞቀውም ይኸው ሙቀት ነው። ሆኖም ሙቀቱና ጭሱ አብረው ስለሚኖሩ ጭሱን ለማስወጣት በር የከፈተ ሰው ሙቀቱንም አብሮ ያስወጣዋል። በሩን የዘጋ ደግሞ ከሙቀቱ ጋር ጭሱን ይተነፍሳል።

በአውሮፓ አሮጌ የገጠር ቤቶች ይህንኑ ችግር ለመፍታት ከክፍቱ እሳት በላይ የጭስ ማውጫ ተሠራ። ጭሱ ወጣ፤ ነገር ግን ሙቀቱም አብሮ ወጣ። እንዲህ ባለው ክፍት የግድግዳ ምድጃ ከማገዶው ሙቀት ቤት ውስጥ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው። ወደ ላይ የሚወጣው ሞቃት አየር በምትኩ ቀዝቃዛውን አየር ከበር ሥርና ከስንጥቅ እየሳበ ያስገባል። በኋላ የመጣው ዝግ የብረት ምድጃ አየሩ በልክ እንዲገባ ያደርጋል፤ ሙቀቱን በብረቱ አካል አማካይነት ለክፍሉ ይሰጣል፤ ጭሱን ግን በቧንቧ ያስወጣል። በዚህም ምክንያት ጥሩ ዝግ ምድጃ የማገዶውን ሙቀት ከ70 በመቶ በላይ ለቤቱ ሊያውል ይችላል። ሙቀቱን ከጭሱ መለየት ማለት ይህ ነው።

ጭሱ የሚያስከፍለው ዋጋ

በጭሱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ብናኞችና ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛማ ጋዝ ይገኛሉ። ብናኞቹ ወደ ሳንባ ጠልቀው ይገባሉ፤ በሕፃናት ላይ የሳንባ ምች፣ በዐዋቂዎች ላይ ሥር የሰደደ የመተንፈሻ አካል በሽታ፣ የልብ ሕመምና የሳንባ ካንሰር ያስከትላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. በቤት ውስጥ አየር ብክለት ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ከእሳቱ አጠገብ ረጅም ሰዓት የሚቆዩት እናቶች፣ ልጃገረዶችና ሕፃናት በመሆናቸው ሸክሙ በዋናነት የሚወድቀው በእነርሱ ላይ ነው። ወደ ክፍት እሳት ወድቆ የሚቃጠል ሕፃንም ጥቂት አይደለም።

ማገዶው ራሱ ሌላ ዋጋ አለው። ዛፍ በተመናመነበት ደጋ ኩበት ይነዳል። ኩበት ሲነድ ለማሳው ፍግ መሆን የሚገባው ሀብት አመድ ሆኖ ይቀራል። የጥድ፣ የወይራና የኮሶ ዛፎች በብዙ ስፍራ የቀሩት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ እንደ ሆነ አንባብያን ያውቃሉ። የማገዶ ፍጆታን መቀነስ እነዚህን ደኖች ከመጠበቅ ጋር የተያያዘ ነው።

በአገራችን ያሉ ምድጃዎች

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተስፋፋው «ምርጥ» ምድጃ ለእንጀራ መጋገሪያ የሚያገለግል ሲሆን ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደቃቅ ይሠራል። እሳቱን ከምጣዱ ሥር ዙሪያውን ስለሚከልለው ከክፍት እሳት ጋር ሲነጻጸር የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ከኋላው የሚወጣው ትኩስ አየርም ድስት ወይም ጀበና ያሞቃል። «ጎንዚዬ» ከሸክላ ይሠራል። «ትክክል» ለወጥና ለቡና ማፍያ ይውላል፤ «ላቀች» ደግሞ የከሰል ምድጃ ናት።

እነዚህ ምድጃዎች ማገዶን ስለሚቆጥቡ ጭስንም ይቀንሳሉ። ይሁንና አብዛኞቹ ጭሱን ከቤት የሚያስወጣ ቧንቧ የላቸውም። ስለዚህ መስኮት ወይም ከጣሪያው ሥር የአየር መውጫ በሌለው ቤት ውስጥ ቢቀመጡ ጭሱን ያሳንሱታል እንጂ አያጠፉትም።

ለደጋው ነዋሪ የሚቀረው ጥያቄ የብርዱ ነው። እሳቱ በተከለለ መጠን በዙሪያው ለተቀመጠው ሰው የሚደርሰው ሙቀት ይቀንሳል። በዚህም የተነሣ እንጀራዋን በምርጥ ምድጃ የጋገረች እናት ማታ ልጆቿን ለማሞቅ በጉልቻው መካከል እንደ ገና እሳት ልታነድ ትችላለች። ይህ የትምህርት ማነስ አይደለም፤ ምድጃው ያልመለሰው ችግር በመኖሩ ነው።

ምን ማድረግ ይቻላል?

አንደኛ፣ ሙቀትን ከማመንጨት በፊት ያለውን መያዝ ይገባል። የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃና በጭድ መምረግ፣ በሩን በልኩ መግጠም፣ ከመኝታው በላይ ኮርኒስ ማበጀት ያለ ተጨማሪ ማገዶ ቤቱን ያሞቃል። ምድጃ በሚነድበት ክፍል ግን የአየር መግቢያና መውጫ ፈጽሞ መደፈን የለበትም።

ሁለተኛ፣ ማገዶን ማድረቅ ነው። ግማሽ ክብደቱ ውኃ የሆነ አንድ ኪሎ ርጥብ እንጨት 8 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ሲሰጥ በሚገባ የደረቀው 15 ያህል ይሰጣል፤ ርጥቡ ውኃውን ለማትነን ሙቀቱን ይጨርሳልና። ባሕር ዛፉን በበጋ ቆርጦ መፍለጥ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ መከመር፣ ከላይ ብቻ ከዝናብ መከለል፣ ጎኑን ለነፋስ መተው ይጠቅማል። ሁለት ፍልጥ ሲጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጡ ደርቀዋል።

ሦስተኛ፣ አቅም ያለው ቤተሰብ ማብሰያ ቤቱን ከመኝታው ለይቶ በቆርቆሮ ቢከድንና ቧንቧ ያለው ዝግ ምድጃ ቢያቆም ሙቀትንም ንጹሕ አየርንም ያገኛል። ምድጃውን በድንጋይ ወይም በሸክላ ግንብ መክበብ ደግሞ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ሙቀቱ ቀስ እያለ እንዲወጣ ያደርጋል። ጥላሸቱና ቅጥራኑ እንዳይቀጣጠል ቧንቧው በየጊዜው መጠረግ አለበት። የጋለ የብረት ቧንቧን በሣር ክዳን መካከል ማሳለፍ ግን ቤትን ለቃጠሎ መዳረግ ነውና ፈጽሞ አይገባም።

አራተኛ፣ የከሰል ፍም ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት የሞት አደጋ አለው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ፍሙ ጭስ አለማውጣቱ መርዝ የለውም ማለት አይደለም።

በመጨረሻም ይህን ጉዳይ በሰንበቴና በማኅበር፣ በዕድርም ጭምር መነጋገሪያ ማድረግ ይጠቅማል። በውይይቱ ላይ በቅድሚያ ሊደመጡ የሚገባቸው በየዕለቱ ከጭሱ ጋር የሚውሉት እናቶች ናቸው። የትኛው ምድጃ ለየትኛው ቤት እንደሚስማማ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና፤ የምድጃው መግዣ የሚወጣበት ገንዘብ ግን ብዙ ጊዜ በባል እጅ ይገኛል። ስለዚህ ባልና ሚስት ተመካክረው ከመጪው ብርድ በፊት አንዱን ማሻሻያ እንኳ ቢጀምሩ ለልጆቻቸው ጤና ትልቅ እርምጃ ይሆናል።