የክሊኒኩ ካርድና የባንኩ ካርድ

«ካርድ አውጥተሻል?» የሚለው ጥያቄ በየጤና ተቋሙ በር ላይ ሲሰማ የቆየ ነው። ካርድ ሲባልም የታካሚዋ ስም፣ ዕድሜና የሕመሟ ሁኔታ የሚመዘገብበት ወረቀት መሆኑን የማያውቅ እምብዛም የለም። አሁን ግን በዚያው በር ላይ ሌላ ካርድ ቀርቧል። ይኸውም ባንክ የሚሰጠው የመክፈያ ካርድ ሲሆን፣ በእጅ ስልክ መክፈልም ከእሱ ጋር አብሮ መጥቷል።

ከወላይታ ሶዶ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከሶዶ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ቦዲቲን ለምሳሌ እንውሰድ። እንደ ቦዲቲ ባለች የገበያ ከተማ አነስተኛ ክሊኒክ ወይም መድኃኒት ቤት ከፍታ የምትሠራ ሴት ባለሙያ፣ ከሕክምናው ሥራ ሌላ ገንዘብ ተቀባይም ሒሳብ ያዥም ናት። የቀኑን ገቢ በቦርሳዋ ይዛ ማታ ወደ ቤቷ መግባት ያሰጋታል፤ ዝርዝር ገንዘብ ፍለጋም ጊዜዋን ይወስድባታል። ቅቤዋን ሸጣ የታመመ ልጇን ይዛ የምትመጣው እናትም ብትሆን ብሯን በመቀነቷ ቋጥራ በገበያ መካከል ስታልፍ ልቧ አያርፍም። ስለዚህ አዲሱ አከፋፈል ለሁለቱም ይጠቅማል። ጥቅሙ የሚገኘው ግን አሠራሩ ሲታወቅ ነው።

እንደሚታወቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ገንዘብ የሚከፍሉ ማሽኖችን በአዲስ አበባ ማስተዋወቅ የጀመረው በ1993 ዓ.ም. ገደማ ነበር። ባንኮች በጋራ ያቋቋሙት ኢትስዊች በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ የገንዘብ ማውጫ ማሽን ማገልገል ችሏል። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን፣ ሳፋሪኮም ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኤም-ፔሳን ሥራ ላይ አውለዋል። ቴሌብር በተራ ስልክም *127# በመደወል ስለሚሠራ፣ ዘመናዊ ስልክ የሌላት እናት ከአገልግሎቱ ውጭ አትሆንም።

በካርድ ለመቀበል የምትፈልግ ባለሙያ ባንክ ዘንድ ሒሳብ ከፍታ የክፍያ ማሽን ትጠይቃለች። ካርዱ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ታካሚዋ የሚስጥር ቁጥሯን ስትነካ፣ ጥያቄው ካርዱን ወደ ሰጠው ባንክ ይሄዳል። ያ ባንክ በሒሳቧ ገንዘብ መኖሩን አረጋግጦ ሲፈቅድ ማሽኑ ደረሰኝ ያወጣል። ባንኩ ለዚህ አገልግሎት ሊያስከፍል ስለሚችል ባለሙያዋ ውሉን ሳትፈርም በፊት ስንት እንደሚቆረጥባትና ገንዘቡ በስንት ቀን ሒሳቧ እንደሚገባ ጠይቃ ማወቅ አለባት። የክሊኒኩንና የቤቷን ሒሳብ ለየብቻ መያዝም የሥራውን ትርፍና ኪሳራ ለይቶ ለማወቅ ይረዳታል።

በስልክ ሲከፈል ግን ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር አለ። ከፋዩ «ልኬያለሁ» ብሎ በራሱ ስልክ የሚያሳየው መልእክት ገንዘቡ ለመድረሱ ማስረጃ አይሆንም። መልእክት በሐሰት ሊዘጋጅ፣ ወይም ገንዘቡ በአንድ አኃዝ ስሕተት ለሌላ ሰው ሊሄድ ይችላል። ማስረጃ የሚሆነው በክሊኒኩ ስልክ ወይም ሒሳብ ላይ የታየው ገቢ ነው። ይህን መመልከት ታካሚዋን እንደ መጠርጠር ሊቆጠር አይገባም፤ ሁለቱንም ከጭቅጭቅ ያድናልና።

እናቶችም በበኩላችን ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የሚስጥር ቁጥርን ለገንዘብ ተቀባይዋም ሆነ ለጎረቤት መንገር፣ ወይም «አንተው ክፈልልኝ» ብሎ ስልክን ከነቁጥሩ ለሌላ ማስረከብ፣ የቤት ቁልፍን ለመንገደኛ እንደ መስጠት ነው። ገንዘቡን ከመላክ በፊት የተቀባዩን ስም ማንበብ፣ ደረሰኝም መቀበል ያስፈልጋል። የክፍያ ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ ላይ «ሕክምና» ማለት ይበቃል። የቤቱ ስልክ የጋራ ከሆነ መልእክቱን ሌላው የቤተሰብ አባልም ሊያነበው ስለሚችል፣ የሕመሙን ዓይነት እዚያ ላይ መጻፍ የእናቲቱን ምስጢር አደባባይ ማውጣት ይሆናል።

በመጨረሻም መብራት ይጠፋል፤ ኔትወርክም ይቋረጣል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ትኩሳት ያንቀጠቀጠውን ሕፃን ማሽኑ እስኪሠራ ውጭ ማስጠበቅ የሙያው ወግ አይፈቅድም። ሕፃኑ ይታከም፤ ሒሳቡ በመዝገብ ይያዝ፤ እናቲቱም ቃሏን አክብራ ትክፈል። ጥሬ ብር ይዛ የመጣችውም እንደ ባለ ካርዷ እኩል ልትስተናገድ ይገባል። ካርዱም ስልኩም የክፍያ መሣሪያዎች ናቸው። ሕክምናን ከሁሉ የምታስቀድም ባለሙያና የታከመችበትን በወቅቱ የምትከፍል እናት ሲገናኙ ግን ክሊኒኩም ይጠነክራል፤ የሰፈሩ ሕፃናትም በቅርብ ታካሚ ቤት አያጡም።