ካሜራን ከቴሌስኮፕ ጋር አገናኝቶ ሰማይን መመልከት፦ በቆሰበርና አካባቢዋ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ በተለይም በቆሰበር (እንጅባራ) ከተማና በዙሪያዋ ለሚገኙ የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበባት፣ መምህራንና የሥነ ፈለክ ፍላጎት ላላቸው ነዋሪዎች ነው። ዓላማውም ቴሌስኮፕና ካሜራ ከመግዛታቸው ወይም ከውጭ አገር ከማስመጣታቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ማስገንዘብ ነው። በዚህ መስክ የሚፈጸም የምርጫ ስሕተት ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ስለሆነ፣ አስቀድሞ ማንበቡ ይጠቅማል።

ቴሌስኮፕ በአንድ ጊዜ የሚያገለግለው አንድን ዐይን ብቻ ነው። ስልሳ ተማሪዎች ተሰልፈው እያንዳንዳቸው ለግማሽ ደቂቃ ቢመለከቱ ግማሽ ሰዓት ያልፋል። መሬት በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ደግሞ ጨረቃ በየሁለት ደቂቃው የራሷን ስፋት ያህል ትንቀሳቀሳለች፤ መምህሩም መሣሪያውን ደጋግሞ ማስተካከል ይኖርበታል። በሰልፉ መጨረሻ ላይ ያለው ተማሪ ያየው ነገር ምን እንደሆነ ሳያውቅ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። በዐይን ሌንሱ ቦታ ካሜራ ሲገባ ግን ምስሉ በላፕቶፕ ላይ ይታያል፤ ፕሮጀክተር ካለም በግድግዳ ላይ ለሁሉም ይቀርባል። መምህሩ በጣቱ እያመለከተ ያስረዳል፤ የዐይናቸው ብርሃን የደከመ አረጋውያንም ከወጣቶቹ እኩል ያያሉ። ቪዲዮ አስትሮኖሚ የሚባለው ይህ አሠራር ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ከብርሃን ጋር የተያያዘ ነው። ዐይናችን ብርሃንን የሚያጠራቅመው ከሴኮንድ በታች ለሆነ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ካሜራ ግን ለ5 ወይም ለ10 ሴኮንድ ያጠራቅማል። ከዚያም የኮምፒዩተር ፕሮግራሙ በተከታታይ የተነሡትን ምስሎች ከዋክብቱን እያመሳሰለ አንዱን በአንዱ ላይ ይደርባል። በዘፈቀደ የሚፈጠረው የምስል ነጠብጣብ ምስሎቹ በበዙ ቁጥር ይቀንሳል፤ 16 ምስሎች ሲደረቡ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። በዐይን እንደ ግራጫ ጭጋግ ብቻ የሚታይ የጋዝ ደመና (ኔቡላ) በዚህ መንገድ ቀለሙንና ቅርጹን ያሳያል። ይህ ቀለም በቴሌስኮፕ ውስጥ በዐይን እንደማይታይ ለተማሪዎች በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል።

ቆሰበር ለዚህ ሥራ ያላት ተፈጥሯዊ አቀማመጥ መልካም ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስትሆን፣ የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በዚህም ምክንያት አውሮፓ ውስጥ ያለ ተመልካች ከአድማስ በታች ሆነው የሚቀሩበትን የደቡብ ሰማይ አካላት ማየት ይቻላል። ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለው ታላቅ የከዋክብት ክምችት በግንቦት ምሽቶች 31 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፤ የካሪና ኔቡላም በሚያዝያ በደቡብ አድማስ ላይ 19 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። በሌላ በኩል ክረምቱ ረጅምና ዝናባማ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ሥራ ይሠራል ብሎ ማቀድ ራስን ማታለል ይሆናል። አመቺው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል በሚከበርበት ሰሞን ያለው ሰማይ ከዓመቱ ምርጥ ምሽቶች ይቆጠራል።

ገዢዎች በብዛት የሚሳሳቱት በቴሌስኮፑ ማቆሚያ ላይ ነው። በውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች አብዛኞቹ ዘንጉን ወደ ሰሜን ኮከብ አነጣጥሮ የሚዞረውን ኢኳቶሪያል ማቆሚያ ይመክራሉ። ሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ የሚኖራት ከፍታ ግን ከቦታው ኬክሮስ ጋር እኩል ነው፤ በቆሰበር 11 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ማለት ነው። የባሕር ዛፍ ረድፍ ወይም የጎረቤት ጣሪያ ሙሉ በሙሉ ሊጋርዳት ይችላል። ከዚህም በላይ ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ታስበው የተሠሩ አንዳንድ ማቆሚያዎች ወደዚህ ዝቅተኛ ማዕዘን አይወርዱም፤ ቢወርዱም ሚዛን መጠበቂያ ክብደቱ ከማቆሚያው እግር ጋር ይጋጫል። ስለሆነም ከመግዛትዎ በፊት ማቆሚያው የሚሠራበትን ዝቅተኛ የኬክሮስ መጠን ሻጩን ይጠይቁ። ለጀማሪ የተሻለው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚንቀሳቀስና በሞተር ሰማዩን የሚከተል አልታዚመዝ ማቆሚያ ነው። የዚህ ዓይነቱ ማቆሚያ ጉድለት ምስሉ ቀስ በቀስ መዞሩ ነው፤ እያንዳንዱ ምስል ከ10 ወይም ከ15 ሴኮንድ ካልበለጠ ግን ፕሮግራሙ ዙረቱን ራሱ ያስተካክለዋል። ልክ ከአናት በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ ይተዉት፤ ዙረቱ እዚያ እጅግ ይፈጥናል።

ካሜራውን በሚመለከት አንድ ቀላል ስሌት ከብዙ ጸጸት ያድናል። የቴሌስኮፑን የትኩረት ርዝመት በሚሊሜትር ወስደው ለ110 ቢያካፍሉ፣ ጨረቃ በካሜራው ሴንሰር ላይ የሚኖራትን ስፋት ያገኛሉ። ርዝመቱ 1,000 ሚሊሜትር ከሆነ የጨረቃ ምስል 9 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። በጀማሪዎች ዘንድ የተለመደው አነስተኛ ሴንሰር ደግሞ 5.6 በ3.2 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ሙሉ ጨረቃ አትገባም፤ የሚታየው ቁራጯ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ካሜራው የተበላሸ የሚመስለው በዚህ ጊዜ ነው። ለኔቡላና ለከዋክብት ስብስብ ከ300 እስከ 500 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ቴሌስኮፕ ይመቻል፤ ለጁፒተርና ለሳተርን ግን ረጅሙ ይመረጣል። አቅም ካልፈቀደ የእጅ ስልክን በዐይን ሌንሱ ላይ በሚያስር መያዣ ከጨረቃ መጀመር ምንም ነውር የለበትም።

በመጀመሪያው ምሽት ፀሐይ ሳትጠልቅ መሣሪያውን ያዘጋጁ፤ ሩቅ ያለ ምሰሶ ወይም የዛፍ ጫፍ ላይ አነጣጥረውም ምስሉን ያጥሩ። ይህን በጨለማ ለማድረግ የሞከረ ሰው ባዶ ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጦ ሰዓቱን ሊጨርስ ይችላል። ከጨለመ በኋላ በአንድ ደማቅ ኮከብ ላይ ምስሉን እንደገና ያጥሩ። ባህቲኖቭ የሚባለው ባለ ሰንጥቅ ሽፋን ከካርቶን ተቆርጦ በቤት ሊሠራ ይችላል፤ በኮከቡ ላይ የሚፈጥራቸው ሦስት መስመሮች መሐል ላይ ሲገናኙ ምስሉ ጠርቷል። ከዚያም እንደ ሻርፕካፕ ባለ፣ መሠረታዊ ቅጂው ያለ ክፍያ በሚገኝ ፕሮግራም የኦሪዮንን ኔቡላ ለ8 ሴኮንድ እያነሡ ይደርቡ። ለፕላኔቶች አሠራሩ ይለያል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ አጫጭር ምስሎችን በቪዲዮ ቀርጾ፣ አየሩ በረጋባት ቅጽበት የተነሡትን ብቻ መርጦ መደረብ ያስፈልጋል፤ አውቶስታከርት የተባለው ፕሮግራም ይህን ይሠራል።

በታኅሣሥ ምሽት ወደ ሰሜን ዞረው በአንድሮሜዳ ክልል ኤችዲ 16175 የተባለውን ኮከብ መፈለግ ተገቢ ነው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ በሰጠው ዕድል መሠረት ይህ ኮከብ በ2012 ዓ.ም. «ቡና»፣ በዙሪያው የሚዞረው ፕላኔትም «አቦል» ተብለው ከኢትዮጵያ በቀረበው ስም ተሰይመዋል። ኮከቡ በዐይን ብቻ አይታይም፤ በትንሽ ቴሌስኮፕና ካሜራ ግን ያለ ችግር ይታያል። አቦልን ማየት አይቻልም፤ ተማሪዎች መጠየቃቸው ግን አይቀርም።

ፀሐይን በሚመለከት ጥንቃቄው የማይታለፍ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላን ጨምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ የቀለበት ግርዶሽ ታይቶ ነበር። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ በግብፅ ሉክሶር አካባቢ ከ6 ደቂቃ በላይ የሚቆይ ሙሉ ግርዶሽ ሲሆን፣ በአገራችን ከቀትር በኋላ በከፊል ይታያል። ወቅቱ ክረምት በመሆኑ ደመና ሊጋርደው ይችላል፤ ነገር ግን ደመናው ለጥቂት ደቂቃ ሲከፈት ሰዎች ሳይዘጋጁ ወደ ላይ የሚያንጋጥጡት በዚያን ጊዜ ነው። የፀሐይ ማጣሪያ መግጠም ያለበት በቴሌስኮፑ ፊት፣ ብርሃን በሚገባበት በኩል ነው። ከአንዳንድ ርካሽ ቴሌስኮፖች ጋር የሚመጣው፣ በዐይን ሌንሱ ላይ የሚጠመደው ትንሽ ማጣሪያ በሙቀት ሊሰነጠቅ ስለሚችል ይጣሉት። የራጅ ፊልም መከላከያ አይደለም። ማጣሪያ ያልተገጠመለት ቴሌስኮፕ ካሜራን በሴኮንዶች ውስጥ ያቃጥላል፤ ዐይንን ደግሞ እስከ መጨረሻው ያሳውራል። አነጣጣሪዋን ትንሽ ቴሌስኮፕም መክደን አይዘንጉ።

መሣሪያውን ከውጭ የሚያስመጡ ወይም በዘመድ እጅ የሚያስልኩ ተገልጋዮች ዕቃው ከመላኩ በፊት የጉምሩክ ኮሚሽን ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤትን ጠይቀው፣ ቀረጡንና ፈቃድ የሚያስፈልግ እንደሆነ ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። ቴሌስኮፕ በዓለም አቀፉ የዕቃዎች አመዳደብ በቁጥር 9005፣ ካሜራ በቁጥር 8525 ሥር ስለሚመደቡ ሁለቱን ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። የትምህርት ተቋማት ጥያቄያቸውን በደብዳቤ ቢያቀርቡ ይመረጣል። ለሙያ ምክር የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትን መጠየቅ ይቻላል፤ በእንጦጦ ተራራ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የሚገኙበት የምርምር ማዕከል አለ። በቅርብ ደግሞ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህራን አሉ።

ከከተማው መብራት ለመራቅ ወደ ዘንገና ሐይቅ አካባቢ መሄድ የሚያስቡ ሰዎች አስቀድመው የቀበሌውን አስተዳደርና ፖሊስን ያሳውቁ፤ በምሽት እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ባለበት ጊዜ ከግቢ አይውጡ። ጨረቃና ፕላኔቶች ከትምህርት ቤት ግቢ በሚገባ ይታያሉ። የ12 ቮልት ባትሪ መያዝም ያስፈልጋል፤ መብራት ሊቋረጥ ይችላል፣ በቆሰበር ብርድም የላፕቶፕ ባትሪ ከተለመደው ጊዜ ቀድሞ ይደክማል። ጤዛ ሌንሱን ሲሸፍን በጨርቅ አይጥረጉት፤ ለብ ያለ አየር ይበቃዋል። መሣሪያው ወደ ቤት ሲገባ እርጥበቱ እስኪደርቅ ሳይከደን ይቆይ። በክረምቱ ወራት ደግሞ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር በሚዘጋ ሣጥን ይቀመጥ፤ በሌንስ ላይ አንዴ የበቀለ ሻጋታ የብርጭቆውን ልባስ ስለሚበላ ተወልውሎ አይለቅም።