«እስክንጠራችሁ ቤታችሁ ሁኑ»፦ ደሞዙስ?

ጅማና አካባቢዋ በቡና ሥራ የሚተዳደር ሰው ይህችን አባባል ሳይሰማ ወቅት አያልፍም። አጋሮ ይሁን ሊሙ ገነት፣ የቡ ይሁን ሰቃ፣ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያው በድንገት ይቆማል። መፈልፈያው ተሰብሯል፣ መብራት ጠፍቷል ወይም የእሸት መግዣው ብር አልቋል። ኃላፊው ሠራተኛውን ይሰበስብና «እስክንጠራችሁ ቤታችሁ ሁኑ» ይላል። የተባረረ የለም፤ የሚሠራም የለም። ታዲያ የእነዚህ ቀናት ደሞዝ የማን ዕዳ ነው?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለዚህ መልስ አለው። ለማግኘትም አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ አሠሪው ለመንግሥት ደብዳቤ ጽፏል ወይ?

ከመነሻው እንጀምር። አንቀጽ 54 ደሞዝ የሚከፈለው ለተሠራ ሥራ ነው ይላል። እዚህ ላይ ብቻ የሚያቆም አሠሪ ብዙ ነው፤ አንቀጹ ግን ይቀጥላል። ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ሳለ መሣሪያ ወይም ጥሬ ዕቃ በመቋረጡ፣ ወይም በእሱ ጥፋት ባልሆነ ሌላ ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር ደሞዙ ይከፈለዋል። መፈልፈያው ተበላሽቶ ለአራት ቀን ቤት የዋለው የጣቢያ ሠራተኛ ጉዳይ ቁልጭ ያለው እዚህ ነው። እሸት ቡናው ጥሬ ዕቃ ነው፣ መፈልፈያው መሣሪያ ነው፣ ብልሽቱም የሠራተኛው ጥፋት አይደለም። ስለዚህ የአራቱ ቀን ደሞዝ የአሠሪው ዕዳ ነው።

አሠሪው ከዚህ ዕዳ የሚያመልጥበት ሕጋዊ በር የለም ማለት ግን አይደለም። አዋጁ ከአንቀጽ 17 ጀምሮ የሥራ ውል ለጊዜው የሚታገድበትን መንገድ ይዘረዝራል። ውሉ ሲታገድ አይፈርስም፤ ሠራተኛው መሥራቱን፣ አሠሪው መክፈሉን ያቆማሉ። እኛን ከሚመለከቱን ምክንያቶች ሁለቱ እነዚህ ናቸው፦ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር፣ እንዲሁም በአሠሪው ጥፋት ያልመጣ የገንዘብ ችግር። በሁለቱም ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት የሚቆም መሆን አለበት። ለአራት ቀን ወይም ለአንድ ሳምንት የቆመ ጣቢያ በዚህ በር አይገባም።

አሥሩን ቀን የሚያልፍ ከሆነስ? ደብዳቤው የሚመጣው አሁን ነው። አሠሪው ምክንያቱ በተፈጠረ በ3 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ጅማ ላይ ይህ ማለት ብዙ ሰው ዛሬም በድሮ ስሙ «ሠራተኛና ማኅበራዊ» የሚለው የሥራ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው። ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ በ3 ቀን ውስጥ ይወስናል። ዝም ካለ እንደተስማማ ይቆጠራል። በቂ ምክንያት የለም ካለ ግን ሥራው እንዲጀመርና ሠራተኛው ቤት የዋለባቸው ቀናት እንዲከፈሉ ያዛል። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ወገን በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል።

ልብ በሉ፣ ሕጉ ለአሠሪው ክፉኛ አልጨከነበትም። አንድ ገጽ ጽፎ ምክንያቱን ካስረዳ እስከ 90 ቀን ከደሞዝ ዕዳ ያርፋል። ያልጻፈው አሠሪ ግን በዕገዳው ሥርዓት ልከለል ቢል አስቸጋሪ ነው፤ ሠራተኛው አንቀጽ 54ን ይዞ ደሞዙን ይጠይቀዋል። እናም ቤታችሁ ሁኑ የተባለ ሰው ከሁሉ በፊት ጽሕፈት ቤቱ ሄዶ «ድርጅታችን አሳውቋል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ።

የ90 ቀኑ ጣሪያ ለቡና አገር የተለየ ትርጉም አለው። ለፋብሪካ ሦስት ወር የዓመቱ ሩብ ነው። ጅማ ዙሪያ ግን ዋናው የቀይ ቡና ለቀማ በግምት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ቆጥሩት፣ ልክ 90 ቀን! የዓመት ገቢው በእነዚህ ወራት ላይ ለተንጠለጠለ ሰው ሙሉ ዕገዳ ማለት ወቅቱን በሙሉ ማጣት ነው። በዚያ ላይ የወቅት ሠራተኛ ውል ወቅቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል፤ ጣቢያው ሥራ ጨርሶ ሲዘጋ ያ ዕገዳ አይደለም፣ ክፍያም አያስከትልም። ደብዳቤው መኖሩን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማጣራት እዚህ ከአዲስ አበባ ፋብሪካ ይልቅ የሚያስቸኩለው ለዚህ ነው።

የዕገዳው ጊዜ ሲያልቅ ሠራተኛው በማግሥቱ የሥራ ቀን ይቀርባል፤ አሠሪውም በቀድሞ ቦታውና ደሞዙ ይመልሰዋል። ድርጅቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሥራ ሊጀምር እንደማይችል ከታመነ ደግሞ ሠራተኛው የስንብት ክፍያና የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ ይገባዋል። ስንብቱን እናስላው። በወር 3,000 ብር የሚያገኝ፣ አራት ዓመት ያገለገለ ሰው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ ማለትም 3,000 ብር፣ ለቀሪዎቹ ሦስት ዓመታት ደግሞ በየዓመቱ የዚያን ሲሶ ያገኛል። ድምሩ 6,000 ብር ነው። ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደሞዝ ሊጨምርበት ይችላል።

«እኛ እኮ የጽሑፍ ውል የለንም» የሚል ይኖራል። የጽሑፍ ውል አለመኖር መብትን አያሳጣም። በኪሎ ወይም በቁራጭ ሥራ የሚከፈለውም፣ በወቅት የተቀጠረውም ሠራተኛ ነው። ማስረጃው የደሞዝ መዝገብ፣ የሰዓት መቆጣጠሪያ ወይም አብሮ የሠራ ምስክር ሊሆን ይችላል።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ይህ ሁሉ በአንዴ ተፈተነ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ተከትሎ የወጣው ደንብ ቁጥር 466/2012 አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳሻቸው እንዳያሰናብቱ ከለከለ። እንግሊዝ በዚያው ሰሞን ቤታቸው ለተቀመጡ ሠራተኞች መንግሥት ከደሞዛቸው 80 በመቶውን፣ በወር እስከ 2,500 ፓውንድ ድረስ ይሸፍን ነበር። እኛ ጋ የሥራ አጥነት መድን የለም። ቤት የዋለ ሠራተኛ ደሞዝ በአሠሪውና በእሱ መካከል የሚያልቅ ጉዳይ ነው፤ ለዚህ ነው የአዋጁን አንቀጾች ማወቅ እዚህ ይበልጥ የሚያስፈልገው።

አሁን ወደሚያስቸኩለው ነገር። የደሞዝ ጥያቄ ይርጋው ስድስት ወር ነው። የጥቅምት ደሞዝ ጥቅምት 30 መከፈል ከነበረበት፣ ሚያዝያ 30 ካለፈ መጠየቅ አይቻልም። «ዛሬ ነገ» የሚል የቃል ተስፋ ይርጋውን አያቆመውም። የሚያቋርጡት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ፣ ለሥራ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ማመልከት፣ ወይም አሠሪው ራሱ ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር ችሎት የዳኝነት አይከፍልም፤ ችሎቱም በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያዛል። ድርጅቱ ቢከስር እንኳ የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ይቀድማል።

ማመልከቻው ረጅም መሆን የለበትም። የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በዚያው የሚጽፍ ሰው ፈልጉ። ከመቼ ጀምሮ እንደምትሠሩ፣ ደሞዛችሁ ስንት እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን ቤታችሁ ሁኑ እንደተባላችሁ፣ ለሥራ ዝግጁ እንደሆናችሁ ጻፉ። ሁለት ቅጂ አድርጉት፤ አንዱን ጽሕፈት ቤቱ ይውሰድ፣ ሌላው ላይ የተቀበለበትን ቀንና ማኅተም አስደርጋችሁ ለራሳችሁ ያዙ።