ቢራቢሮዋና የአያቶች ወሬ

ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲገባ፥ ከአውሮፓ ተነሥታ ባሕርንና የሰሃራን በረሃ የምታቋርጥ፥ ክንፏ ብርቱካንማና ጥቁር የሆነ ቢራቢሮ እስከ ኢትዮጵያ ድረስ ትመጣለች። እሾሃማ በሆኑ ተክሎች ላይ እንቁላሏን ጥላ ትሞታለች፤ ወደ ሰሜን የሚመለሱት ግን ዘሮቿ ናቸው። ጉዞውን ከዳር እስከ ዳር የምትፈጽም አንዲት ቢራቢሮ የለችም፤ የአንድ ዓመቱ ዙር እስከ 10 ትውልድ ይፈጃልና።

የሰቆጣና የዋግ ሕምራ መምህራን በዚህ ወራት ተማሪዎቻቸውን ወደ መስክ አውጥተው ይህችን እንግዳ ቢጠባበቁ መልካም ይመስለናል። ብትመጣም ባትመጣም ሰዓቱ በከንቱ አይጠፋም፤ ልጆቹ ከአያቶቻቸው ጠይቀው የመጡትን የቀድሞ ኑሮ ከዛሬው ጋር ያነጻጽሩበታል።

በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ክፉኛ ከተጎዱት አገሮች አንዱ ዋግ ነበር። ማን ቀዬውን ትቶ እንደ ተሰደደ፥ ማን ካለችው ጥቂት እህል ለጎረቤቱ እንዳካፈለ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት የገባው ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም ተጠርቷል። ይሁን እንጂ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት አገሩን ጎድቶታልና፥ ልጆቹ «ትናንት ክፉ፥ ዛሬ ደግ» ብለው ብቻ የሚያልፉት ነገር አይደለም።

ወላጆች ሆይ! ያያችሁትን በኽምጣናም ሆነ በአማርኛ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ቢራቢሮዋ መንገዷን ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች፤ ሰው ግን ካልነገሩት አያውቅም።