በቅርጫት ኳስ ጨዋታ ንክኪ ሁሉ ጥፋት አይደለም

በትምህርት ቤቶችና በየአካባቢው ማዘውተሪያ ስፍራዎች በሚካሄዱ የቅርጫት ኳስ ውድድሮች «ተነክቷል፤ ዳኛው ግን ዝም አሉ» የሚል ቅሬታ ብዙ ጊዜ ይሰማል። የዳኝነቱን መመዘኛ ማወቅ አላስፈላጊ ውዝግብን ለማስቀረትና መብትን በአግባቡ ለመጠየቅ ይረዳል።

የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን (ፊባ) ሕግ 10 ተጫዋቾች በውስን ሜዳ ላይ በፍጥነት ሲንቀሳቀሱ ንክኪ እንደማይቀር ይቀበላል። ስለሆነም ዳኛው የሚመረምሩት መነካካቱን ብቻ ሳይሆን፣ ንክኪው ለአንዱ ወገን ያልተገባ ጥቅም ማስገኘት አለማስገኘቱን ነው። በዚህም መሠረት የሚከተሉት ነጥቦች ይታያሉ፦

1. ቦታ፦ ተጫዋቹ ቀድሞ በሕጋዊ መንገድ የያዘው ቦታና ከበላዩ ያለው አየር የእርሱ ነው። እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ቀጥ ብሎ የዘለለ ተከላካይ፣ አጥቂው መጥቶ ቢጋጨው ጥፋተኛ አይሆንም።

2. ማረፊያ፦ ተጫዋች ከዘለለ በኋላ ከሥሩ ገብቶ ማረፊያውን መዝጋት ጥፋት ነው። ድርጊቱ ለከባድ ጉዳት ሊዳርግ ይችላል።

3. ውጤት፦ ሁለት ተጫዋቾች ነጻ ኳስ ለመያዝ በእኩል ዕድል ሲሻሙ ቢነካኩና አንዱ በሌላው ላይ ብልጫ ባያገኝ ጨዋታው ይቀጥላል። በአንጻሩ ኳስ እያነጠረ በሚሄድ ተጫዋች ላይ እጅን ማሳረፍና ማቆየት ወይም ደጋግሞ መንካት፣ ቀላል ቢመስልም እንቅስቃሴውን ስለሚገድብ ያስቀጣል።

አምስት ጥፋት የተመዘገበበት ተጫዋች ከጨዋታው ይወጣል። አንድ ቡድን በአንድ ሩብ ጨዋታ አራት ጥፋት ከሞላበት በኋላ ደግሞ ተከላካዮቹ የሚፈጽሙት ጥፋት፣ በመወርወር ላይ ባልነበረ ተጫዋች ላይ ቢሆንም እንኳ ለተጋጣሚው 2 ነጻ ውርወራ ያሰጣል።

በንክኪ ላይ የተሰጠ የዳኛ ፍርድ ብቻውን ለክስ መነሻ አይሆንም፤ ሆኖም ኳስ ከጨዋታ ውጭ ሆኖ ሰዓት በቆመበት ጊዜ የቡድኑ አምበል በአክብሮት ማብራሪያ መጠየቅ ይችላል። ክስ የሚቀርበው በነጥብ አመዘጋገብ ወይም በሰዓት አያያዝ ላይ ያልታረመ ስሕተት ሲኖር፣ በተጫዋች ተገቢነት ላይ ወይም ጨዋታን በሚያቋርጡና በሚሰርዙ ውሳኔዎች ላይ ነው። አምበሉ ጨዋታው በተጠናቀቀ በ15 ደቂቃ ውስጥ ለዋና ዳኛው አሳውቆ በውጤት መመዝገቢያ ቅጹ ላይ መፈረም ይኖርበታል። ቡድኖች ከውድድር በፊት የአወዳዳሪውን አካል ደንብ እንዲያነቡም ይመከራል።