ከቀለሙ በፊት ቁጥሩ፦ የአሜሪካ መስል ካር እንዴት ይገዛል?

በጥር 2020 በፍሎሪዳዋ ኪሲሚ ከተማ በተካሄደው የሜከም ጨረታ አንድ የተጎሳቆለ አረንጓዴ ፎርድ ሙስታንግ መድረክ ላይ ወጣ። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ላሜራውም እዚህም እዚያም ዝጓል። ዋጋው ግን 3.4 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ መዶሻው ወደቀ፤ የአጫራቹ ኮሚሽን ሲጨመርበት 3.74 ሚሊዮን ሆነ። ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊን በ1968ቱ «ቡሊት» ፊልም ውስጥ በሳን ፍራንሲስኮ ዳገቶች ላይ ያከነፈው መኪና ነበር። አንድ ቤተሰብ በ1974 በመጽሔት ላይ ማስታወቂያ አይቶ በ6,000 ዶላር ገዛውና እንደ ማንኛውም የቤት መኪና ለዓመታት ተገለገለበት። ማክዊን ራሱ በ1977 መኪናውን መልሶ ለመግዛት ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ ባለቤቱ ግን አልሸጠለትም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዋጋውን እዚያ ያደረሰው የፊልሙ ዝና ብቻ አልነበረም። የሻንሲ ቁጥሩ ከሰነዶቹ ጋር ይገጥማል፤ ለቀረጻ ሲባል ከሥሩ የተበየዱት የካሜራ መያዣዎች አሁንም አሉ፤ የማክዊን ደብዳቤም ከመኪናው ጋር ተቀምጧል። ማንም ስላላደሰው ማስረጃው አልጠፋም። በአሮጌ መስል ካር ገበያ ገንዘብ የሚከፈለው ለዚህ ማስረጃ ነው። ለዚህም ነው ልምድ ያለው ገዢ በቀለሙ ከመማረኩ በፊት ጎንበስ ብሎ ቁጥር የሚያነበው።

መስል ካር ማለት መካከለኛ ቁመና ያለው፣ ዋጋውም ለወጣት ሠራተኛ የማይርቅ፣ ግን ትልቅ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር የተጫነበት የአሜሪካ መኪና ነው። ብዙዎች መነሻ የሚያደርጉት የ1964ቱን ፖንቲያክ ጂቲኦ ነው። በወቅቱ የፖንቲያክ ባለቤት ጄኔራል ሞተርስ በመካከለኛ መኪኖቹ ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም ከ5.4 ሊትር በላይ የሆነ ሞተር እንዳይገጠም ከልክሎ ነበር። የፖንቲያክ ዋና መሐንዲስ ጆን ዴሎሪያንና ባልደረቦቹ ግን 389 ኪዩቢክ ኢንች (6.4 ሊትር) የሆነውን ሞተር ቴምፔስት ሌማንስ ውስጥ አስገቡትና ጂቲኦን ራሱን የቻለ ሞዴል ሳይሆን ደንበኛው ጨምሮ የሚያዝዘው ጥቅል አደረጉት። ክልከላው ደግሞ ተጨማሪ ጥቅሎችን አይመለከትም ነበር። በዚያው ዓመት ከ32,000 በላይ ተሸጠ።

ያ ብልሃት ለዛሬው ገዢ ራስ ምታት ሆኗል። ጂቲኦ በ1964 እና በ1965 ተጨማሪ ጥቅል ስለነበር የሻንሲ ቁጥሩ መኪናው ጂቲኦ ይሁን ተራ ሌማንስ አይናገርም። ራሱን የቻለ ሞዴል የሆነው በ1966 ነው፤ ከዚያ እስከ 1971 ድረስ ቁጥሩ በ242 ይጀምራል። ለቀደሙት ሁለት ዓመታት መፍትሔው ወረቀት ነው፤ ፖንቲያክ ሂስቶሪክ ሰርቪስስ የተባለው ድርጅት የፋብሪካውን የሽያጭ መዝገብ ቅጂ በክፍያ ይሰጣል።

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የገዛ ሰው የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ማመሳከር ያውቃል። የመስል ካር ገዢም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እያንዳንዱ ፊደል የሚያመጣው የዋጋ ለውጥ ነው።

የክራይስለርን ቁጥር እንመልከት፦ BS27R1B የሚለው አጀማመር በግእዝ ፊደል ሲነበብ «ቢ-ኤስ-27-አር-1-ቢ» ነው። የመጀመሪያው «ቢ» ፕሊመዝ ባራኩዳ መሆኑን፣ «ኤስ» የሞዴሉን ደረጃ፣ 27 ጣሪያው የሚታጠፍ መሆኑን፣ 1 የ1971 ምርት መሆኑን፣ የመጨረሻው «ቢ» ደግሞ በሚሺጋን ሃምትራምክ ፋብሪካ መገጣጠሙን ያሳያሉ። ገዢ ሁሉ የሚፈልገው አምስተኛውን፣ «አር»ን ነው፤ ትርጉሙ 426 ኪዩቢክ ኢንች የሆነው፣ ፋብሪካው 425 የፈረስ ጉልበት የሰጠው ሄሚ ሞተር ነው። በዚያ ዓመት ከሄሚ ጋር የተሠሩት ጣሪያ ታጣፊ ባራኩዳዎች ከደርዘን አይበልጡም። አንዱ በ2014 በሲያትል ጨረታ በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።

ሸቭሮሌት ላይ ነገሩ ይከብዳል። የ1969 ካማሮ የሻንሲ ቁጥር ባለ ስምንት ወይም ባለ ስድስት ሲሊንደር መሆኑን፣ ዓመቱንና ፋብሪካውን ይናገራል፤ ዜድ-28 የተባለው ተፈላጊ ዓይነት መሆኑን ግን አይናገርም። ስለዚህ ተራ ካማሮ ገዝቶ የዜድ-28 ዓርማ መለጠፍ ቀላል ነው። እዚህ ገዢው ወደ ሞተሩ ይዞራል። የሲሊንደር ብሎኩ የተቀረጸበት ቀን ብረቱ ላይ አለ፦ የመጀመሪያው ፊደል ወሩን፣ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ቀኑን፣ የመጨረሻው ዓመቱን ያሳያል። ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል በሚለየው ብረት ላይ ያለው ሳህን ደግሞ የተገጣጠመበትን ወርና ሳምንት ይዟል። መኪናው በመጋቢት ሦስተኛ ሳምንት ተገጣጥሞ ሞተሩ በሚያዝያ ከተቀረጸ፣ ያ ሞተር የዚያ መኪና የመጀመሪያ ሞተር ሊሆን አይችልም።

አጭበርባሪዎችም ይህን ያውቃሉ። የሞተሩን ቁጥር ፍቀው አዲስ ይመቱበታል። ፋብሪካው ብሎኩን ሲልግ ግን ቁጥሩ የሚመታበት ገጽ ላይ ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች ይቀራሉ፤ የፋቀ ሰው እነዚያንም አብሮ ያጠፋል። ገጹ እንደ መስታወት ለስልሶ ቁጥሩ ብቻ ጎልቶ ከታየ መጠርጠር ነው።

ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚታየው ብረቱ ነው። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ በላሜራው ላይ ማንሸራተት የቆየ ዘዴ ነው፤ የማይስበው ቦታ ላይ ከቀለሙ ሥር ወፍራም ስቱኮ አለ። በ1960ዎቹ ሙስታንግ ላይ በጣም የሚያሳስበው ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ያለው የአየር ማስገቢያ ሳጥን ነው። እሱ ሲዝግ ውሃው ወደ ውስጥ ይወርድና ወለሉን ይበላዋል፤ ለመጠገን የፋብሪካውን ብየዳ ነጥብ በነጥብ መፍታት ያስፈልጋል። ጣሪያው በቪኒል የተሸፈነ መኪና ከሆነም እርጥበት ከሥሩ ታምቆ ብረቱን ሳይታይ ሊያዝገው ይችላል። ሞተር ማደስ ዋጋው ቀድሞ ይገመታል። የዝገት መጠን ግን መኪናው ካልተፈታ አይታወቅም፤ ብዙ ጀማሪ አዳሾች የጀመሩትን ሥራ ሳይጨርሱ የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነው።

እነዚህ መኪኖች ከእንግዲህ አይበዙም። ከ1970 በኋላ የኢንሹራንስ ክፍያው፣ የአየር ብክለት ሕጉና በ1973 የመጣው የነዳጅ ማዕቀብ ዘመኑን ዘጉት። ጄኔራል ሞተርስ ገና በ1971 የሞተሮቹን የመጭመቅ ምጣኔ ቀንሶ ነበር። ዛሬ ለሙስታንግና ለካማሮ ሙሉ አዲስ ቦዲ ተመርቶ ይሸጣል፤ ለአዳሽ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም የአሮጌውን የሻንሲ ቁጥር ነቅሎ አዲሱ ላይ መለጠፍ ሊያስከስስ ይችላል።

መኪናው ከተገዛ በኋላ ኃላፊነቱ ወደ አዳሹ ይሻገራል። ወንበሩን የሚፈታ ሰው ስፕሪንጎቹን ይፈትሽ፤ የክራይስለር ሠራተኞች የመኪናውን የትእዛዝ ወረቀት ብዙ ጊዜ እዚያ ይተዉት ነበር። ሻንሲው ላይ የሚታዩትን የጠመኔ ምልክቶችና የቀለም ጭረቶች ከማጠቡ በፊት ፎቶ ያንሳቸው፤ ሠራተኞቹ ያደረጓቸው የፍተሻ ምልክቶች ናቸው። ቀን የተመታባቸውን አልተርኔተር፣ ካርቡሬተርና የውሃ ፓምፕ ቢበላሹም አይጣላቸው፤ ስም ጽፎባቸው በካርቶን ያስቀምጣቸው። ፎቶዎቹን፣ ደረሰኞቹንና ወረቀቶቹን በአንድ ፋይል አድርጎ ከመኪናው ጋር ለሚቀጥለው ገዢ ያስረክብ።