«ሐሳብ ነው የጎዳት»፦ ጭንቀት፣ የሰውነት መከላከያና ካንሰር

የካንሰር ሕመምተኛ ከተጨነቀ የሰውነቱ መከላከያ ይደክማል፤ መከላከያው ሲደክም ዕጢው ይበረታል፤ ስለዚህ መዳን የፈለገ ሁሉ ደስተኛ ይሁን። ይህ እምነት በጠያቂዎች አፍ «አይዞሽ፣ ከተጨነቅሽ ይብስብሻል» ይሆናል። በሽታው ከተመለሰ ደግሞ «ሐሳብ ነው የጎዳት» ተብሎ ጥፋቱ በታማሚዋ ላይ ይደፈደፋል።

እምነቱ ከባዶ አልተነሣም። ሲጨነቁ ኮርቲሶልና አድሬናሊን በደም ውስጥ ይጨምራሉ፤ ጭንቀቱ ለወራት ከቆየ አንዳንድ የመከላከያ ሴሎች ይሰንፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ በተደረገ ጥናት፣ የመርሳት በሽታ የያዛቸውን ዘመዶች በሚያስታምሙ ሴቶች ክንድ ላይ የተደረገ ትንሽ ቁስል አስታማሚ ካልሆኑት ሴቶች 9 ቀን ያህል ዘግይቶ ነው የዳነው።

ቁስል ግን ካንሰር አይደለም። ዕጢ ከራሱ ከሰውነት ሴል የሚበቅል፣ ከመከላከያው መሸሸግን የተካነ ነገር ነው። በ1989 አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ዴቪድ ስፒገል የጡት ካንሰር የተሰራጨባቸውን 86 ሴቶች አጥንቶ፣ በቡድን እየተገናኙ የተወያዩት ረዘም ላለ ጊዜ እንደኖሩ ሲጽፍ ብዙዎች ተስፋ አደረጉ። በ2001 በካናዳ 235 ሴቶች ሲጠኑ ግን ዕድሜ አልጨመረም፤ ራሱ ስፒገል በ2007 ደግሞ ሲሞክረው በጥቅሉ ያንኑ ውጤት አላገኘም። የካናዳው ጥናት ያሳየው ሌላ ጥቅም ነው፦ በተለይ በጣም ተጨንቀው የነበሩት ሴቶች መንፈሳቸው ተረጋጋ፣ ሕመማቸውም ቀለለላቸው። ለዚህ ብቻ ሲባል እንኳ የሥነ ልቦና እርዳታ ይገባቸዋል፤ በዕድሜ ማራዘሚያነት መሸጥ የለበትም።

በአይጦች ላይ አድሬናሊን ዕጢ እንዲሰራጭ ሲያግዝ ታይቷል፤ በሰው ላይ ግን ጉዳዩ ገና አልተቋጨም። ድባቴ ያለባቸው ታማሚዎች ቶሎ እንደሚሞቱ የሚያሳዩ ጥናቶችም አሉ። ሆኖም በሽታው የጠናበት ሰው መክፋቱ አይቀርም፤ የከፋው ደግሞ ቀጠሮና መድኃኒት ሊያቋርጥ ይችላል። የትኛው የትኛውን እንዳመጣ መለየት ከባድ ነው። ይህ ያልጠራ ነገር የ«በጎ አስብ» ሰባኪዎችን አያስጨንቅም፤ የዳኑትን ምስክር አድርገው ያቀርባሉ፣ እየሳቁ የሞቱትን አይቆጥሩም። በመካከል የሚጎዳው ታማሚው ነው፦ ፍርሃቱን ይደብቃል፣ እንቅልፍ ማጣቱንና ሕመሙን ለሐኪም አይናገርም።

«የሥራ ጭንቀት ካንሰር ያመጣል» ለሚለው፣ በ2013 የወጣ የ116,000 አውሮፓውያን መረጃ ከአንጀት፣ ከሳንባ፣ ከጡትም ሆነ ከፕሮስቴት ካንሰር ጋር ዝምድና አላገኘም። «እንዳትደነግጥ ካንሰር መሆኑ አይነገራት» የሚለውም ብዙ አያስኬድም፤ ታማሚዋ ከተኛችበት ክፍልና ከሚሰጣት መድኃኒት መገመቷ አይቀርም፣ የምታዋየው ሰው ብቻ ታጣለች።

በሕክምና ወቅት መከላከያን በእርግጥ የሚያወርደው ኬሞቴራፒው ራሱ ነው፤ መቅኔን ስለሚጎዳ ነጭ የደም ሴል ያሳንሳል። ስለዚህ ኬሞ ላይ ያለ ሰው ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ «ሐሳብ ነው» ሳይባል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይወሰድ።